የወንድሜ ፈቃድ

ሐሙስ

ከመንደራችን የወጣሁት አንድ ጀሪካን ቅቤ ይዤ ነው። ጋምቤላ ከተማን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። የሚሰማኝ ሰው ይስቃል፤ ምክንያቱም መንገዱ ሩቅ አይደለም። ግን ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም፣ የእኛ ጉዳይ ደግሞ ማሳ ላይ ነው። ከመንደራችን ሴቶች ብዙዎቹ ከተማውን ሳያዩ አግብተው ወልደዋል። ላላዩት ልጻፍላቸው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ስናገር ድምፄ አይሰማም ይሉኛል፤ ስጽፍ ግን ማንም "ምን አልሽ? ጮክ በይ" አይለኝም። ደግሞ ተናድጃለሁ።

መንደራችን አቦቦ ወረዳ ውስጥ ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። አባቴን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲያመጡት መንደሮቹን በቁጥር ጠሯቸው፤ ቁጥሩም ስም ሆኖ ቀረ። አባቴ የመጣው ገና ጎረምሳ ሆኖ ብቻውን ነው። ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ የሚባል አብሮት አልመጣም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጣጣው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ኒካህ ሲታሰር ልጅቷን ፈቅዶ የሚሰጣት አባቷ ነው። አባት ከሌለ ወንድሟ ነው፣ ወንድምም ከሌለ የአባት ወገን። የእናት ወንድም አይሆንም። አባቴ ሞቷል። ስለዚህ እዚህ አገር ለእኔ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ጀማል። እሱ ተምሮ ጋምቤላ ከተማ ገብቷል፤ ኢታንግ አጠገብ ባለው የትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ በእርዳታ ሥራ ይሠራል።

ኒካዬ መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ ለግንቦት ተቆርጦ ነበር። የሚያገባኝ ኑሩ የመንደራችን ገበሬ ነው። እናቴ ለጀማል በደወለች ቁጥር "ስብሰባ ላይ ነኝ እማ፣ እደውላለሁ" ይላታል። አይደውልም። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና ላይ መውጣት አትችልም። የሚላክ ሰው ሲጠፋ ሙሽራዋ እኔው ተላክሁ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ስለ ሰርጓ አፏን አትከፍትም። ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ እናቴ በር ላይ ይዛ አስጠነቀቀችኝ።

"ስለ ባል እንዳታነሺ። 'እማ ስለ ፈቃድህ ልካኝ ነው' በይው፣ በቃ። ጀማል ልጄ ነው፣ ይገባዋል።"

እስከ አቦቦ በሞተር፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ጭን የተረፈውን ቦታ የያዙት ዶሮዎች ነበሩ። ጀሪካኑን እግሬ ስር አድርጌዋለሁ። በዚያ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ውሃ ሆኖ ኖሯል፣ ክዳኑ ደግሞ ላላ ብሏል። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ዘሎ ተነሣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ሱሪዬን! የማን ቅቤ ነው?"

ዝም አልኩ። ረዳቱም ዞሮ "የማን ነው?" አለ። ዝም አልኩ። መኪናው በሙሉ የቅቤ ባለቤት ፍለጋ ገባ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል፣ ሽታው ከእኔ ነው የሚመጣው፣ እኔ ግን በመስኮት ሣር አያለሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ጎንበስ ብላ ክዳኑን አጠበቀችልኝ። ነጠላዋን አውልቃ እግሬን ጠረገችልኝና ጮክ ብላ "የማንም ይሁን፣ ሱሪህ ለሰለሰልህ! ዝም ብለህ ተቀመጥ" አለችው። መኪናው ሳቀ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወረደች። በዚህ ጉዞ የመጀመሪያው ንዴቴ በራሴ ላይ ነበር። "የእኔ ነው" ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ጋምቤላ ሙቀቱ የእኛው ሙቀት ነው። የእኛ ግን ዛፍ ያገኛል፤ የከተማው ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። ባጃጅ እንደ ንብ ነው። የባሮን ወንዝ ከድልድዩ ላይ አየሁት፤ በጋ ስለሆነ አሸዋው ወጥቶ ልጆች ይታጠቡ ነበር። እኛ ጋ ውሃ ለመቅዳት ሰልፍ አለ። ይህ ሁሉ ውሃ ሳይሰለፍ ዝም ብሎ ሲሄድ ማየት ራሱ ያናድዳል።

የጀማል ሚስት ሂክማ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ ጋምቤላ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሲጋቡ እኛ አልተጠራንም። ጀማል "ለእማ መንገዱ አይመችም" ብሎ ነበር። ስለዚህ ፊቷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አቅፋ ሳመችኝ። በቅቤ የራሰውን ቀሚሴን ስታይ አልተጸየፈችም፤ ወዲያው የራሷን አለበሰችኝ።

"እትዬ ሂክማ፣ አላህ ይስጥልኝ" አልኳት።

"እትዬ? አስረጀሽኝ እኮ! ሂክማ በይኝ።"

ጀማል ካምፕ ተረኛ ስለሆነ ቅዳሜ ነው የሚገኘው አለችኝ። ለእሱ የተላከውን ለእሷ መናገር ችግር የለውም ብዬ አሰብኩ። ሻዩን እያየሁ "እማ ስለ ወንድምጋሼ ፈቃድ ልካኝ ነው" አልኩ።

ሂክማ እጇን አጨበጨበች። "ፈቃዱ! ወሬው እናንተ ጋ ደረሰ እንዴ? አለቀ እኮ፣ ተፈርሟል! ግንቦት ላይ ነው፣ እኔም አብሬው ነኝ!"

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ተፈርሟል ያለችው ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ከተማ ውስጥ የኒካህ ፈቃድም በፊርማ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ አጎበር ስር ተኝቼ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ዓርብ

ጠዋት የግቢው ባለቤት ማማ አሪየት በእጇ ባምያ ይዛ መጣች። ማማ አሪየት የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፣ አኙዋክ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር መሪ ስለሆነች ድምፅዋ ከእኔ በአሥር እጥፍ ይበልጣል። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ግን አንድም ቀን ሳይገባኝ አልቀረም።

"ይሄ ማን ነው? የጀማል እህት? አንተ ደገኛ ነህ፣ ለምን ቀጠንክ?"

"ደጋ አይቼ አላውቅም ማማ። አቦቦ ነው የተወለድኩት።"

"እሺ፣ ቆላ የተወለደ ደገኛ!" ብላ ራሷ ሳቀች። የበቆሎ ገንፎ በባምያ አበላችኝ። እናቴም ባምያ ትሠራለች፣ ይህ ግን ዓሣ ነበረበትና ጣቴን ላስኩ። ሳልጨርስ ደግማ ጨመረችልኝ።

ከሰዓት ሂክማ ከሥራ መጥታ ሻንጣ ከፈተች። ከዓርብ ሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አወጣች፣ ስስ ቀሚሶች አወጣች፣ ለፀሐይ የሚቀባ ክሬም አወጣች።

"እዚያ ፀሐዩ አይጣል ነው አሉ፣ ሰዓዳ። ቆዳዬ ይላጣል ብዬ ፈራሁ።"

ስለ መንደራችን የምታወራ መስሎኝ ሆዴ ባባ። የአዲስ አበባ ልጅ የእኔን ኒካህ ለማየት ክሬም ገዛች ብዬ!

"ጥላ አለ" አልኳት። "ማንጎ ዛፍ ስር ነው የሚያስቀምጡሽ።"

"ማንጎም አለ ማለት ነው?"

"ሞልቶ።"

"ጎበዝ! ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ስልኳን ይዛ አጠገቤ መጣችና በሹክሹክታ "እንግዲህ የመጨረሻውን አንቺ ምረጪልን። ጀማልና እኔ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ታይላንድ ይሻላል ወይስ ዛንዚባር?" አለችኝ።

አቦቦ ገበያ ውስጥ ልብስ ሻጮች ሲጠሩ የቱርክ ነው፣ የዱባይ ነው፣ የታይላንድ ነው ይላሉ። ዛንዚባር የሚባል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ አዲስ የመጣ ነው አልኩ። የሙሽራ ጨርቅ ሊገዙልኝ ያማከረችኝ መሰለኝ። ስለ ራሴ ሰርግ መናገር ነውር ስለሆነ መሬት እያየሁ መለስኩላት።

"ታይላንድ ጥሩ ነው። ሲታጠብ አይለቅም።"

ሂክማ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ወድቃ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አይለቅም! ያ ረቢ! አገሩ እኮ ነው ሰዓድዬ፣ አገሩ!" ስልኩን አሳየችኝ። ሰማያዊ ውሃ፣ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ራቁቱን ለመሆን ትንሽ የቀረው ሰው። ግንቦት ላይ የዓመት ፈቃድ ወስደው ከሁለቱ አገሮች ወደ አንዱ ሄደው ሊዝናኑ ነው። የተፈረመው የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው። የእኔን ፈቃድ ማንም አልፈረመውም፣ ማንም አላነሣውም። ሂክማ ስለ ኒካዬ ምንም እንደማታውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ ስንት ጊዜ ደውላ ለልጇ ቀኑን ነግራዋለች፣ እሱ ለሚስቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ማማ አሪየት በበሩ ገብታ ስልኩን ከሂክማ እጅ ተቀበለች። አራቀችው፣ አቀረበችው።

"ይሄ ባሮ አይደለም? ውሃ። ይሄ አሸዋ። ይሄ ማንጎ። ሂክማ፣ አንተ ለምን ሩቅ ትሄዳለህ? እዚህ ላብ በነፃ ነው!"

ሂክማ እንደገና ሳቀች። እኔም የሳቅሁ አስመሰልኩ። እናቴ እንዳለችው ስለ ባል አላነሣሁም። ሂክማ ባርኔጣውን አጥፋ የከተተችበት ሻንጣ እንደ ሰው አስጠላኝ።

ቅዳሜ

ጀማል ከካምፕ ርቆ መሄድ ስላልቻለ ኢታንግ ከተማ ድረስ ሄደን ምሳ እንድንበላ ከሂክማ ጋር በስልክ ተስማሙ። በሚኒባስ ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፣ ሣሩ ተቃጥሎ ጠቁሯል። የእርዳታ መኪኖች አንቴናቸውን እያወዛወዙ አቧራቸውን በእኛ ላይ ያራግፋሉ። የኬላው ጠባቂ መታወቂያ ጠየቀኝ፣ ቤት ረስቼዋለሁ።

"አገርሽ የት ነው?"

የመንደሬን ቁጥር ነገርኩት።

"አገርሽን እንጂ ዕድሜሽን አልጠየቅኩም!"

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ሂክማ ወርዳ "እህቴ ናት" ብላ የራሷን መታወቂያ አሳየች። አሳለፈን። እህቴ ናት ስትል ንዴቴን የት ላድርገው ብዬ ተቸገርኩ። ክፉ ሰው ላይ መናደድ ይቀል ነበር፤ የእሷ ደግነት ግን ለንዴቴ ቦታ አልተወለትም። ትየርኪዲ ካምፕን ያየሁት ከሩቅ ነው፣ ጣሪያ ብቻ፣ እስከ ሰማይ ጥግ ጣሪያ። እዚያ ያለ ሰው አገር የሚመርጥ አይመስለኝም፤ ያገኘው ላይ ነው የተቀመጠው። አባቴም እንደዚያው ነበር።

ዓሣ ቤቱ የሣር ዳስ ነው። ጀማል ጃኬቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ መጣ። ወፍሯል። ግንባሬን ሳመኝ።

"ሰዓዳ! አድገሽ የለ እንዴ! እማስ?"

"ደህና ናት" አልኩ። ከዚያ የተላክሁትን ተናገርኩ። "እማ ስለ ፈቃድህ ልካኝ ነው።"

ፊቱን ነበር የማየው። ገብቶታል። እናቴ እንዳለችው፣ ወዲያው ነው የገባው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ዓሣው ላይ አደረገና "እደውልላታለሁ" አለ። ቀጥሎ ወደ ሂክማ ዞሮ "እና? ታይላንድ ነው ዛንዚባር?" አለ።

ሂክማ የጨርቁን ነገር ነገረችው። ሳቁ ዳሱን አንቀጠቀጠው፤ የሚጠብሰው ሰውዬ ሳይቀር "አይለቅም!" እያለ ተቀበለው። ከዚያ ክርክራቸውን ጀመሩ። ታይላንድ ዝሆን አለ፣ ምግቡ ግን ያቃጥላል። ዛንዚባር መስጊድ አለ፣ ምግቡም የሚበላ ነው፣ ባሕሩም ንጹሕ ነው። ታይላንድ ዝናብ ይጀምራል ይባላል። ዛንዚባርም ግንቦት ዝናብ አያጣም። ዓሣው በረደ። እኔ አጥንቱን እየለየሁ ክምር አደረግሁ።

"ከየትኛው ነው ቶሎ የሚመጣው?" አልኩ።

ድምፄ አልወጣ ይሆናል ብዬ ነበር። ወጥቷል። ሁለቱም ዞሩ።

"ማን?" አለ ጀማል።

"አንተ። ለኒካዬ።"

ሂክማ የያዘችውን ዓሣ አስቀመጠች። "የምን ኒካህ?"

ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። "መንደር ነው... ትንሽ ነገር ነው። ግንቦት ላይ ነው ያደረጉት። ሂክሚ፣ እነግርሽ ነበር። ዘንድሮ ሁሉም በስልክ ነው። ካለሁበት ለሸኩ እደውላለሁ፣ 'ወክዬዎታለሁ' እላለሁ፣ አለቀ። በሸሪዓውም ይቻላል።"

ይቻላል። እንደሚቻል አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ወንድሟ ዓረብ አገር ሆኖ በስልክ ወክሎ ነው የተዳረችው፤ እሱ ግን አሠሪው የማይለቀው ሰው ነው፣ በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰምተነዋል። በዓሣ ጥብስ ላይ ዝሆንና ባሕር የሚያማርጥ ሰው አልነበረም።

"ጉዞውን ለሌላ ወር ቀይረውና አንተ ለኒካዋ ሂድ እንግዲህ" አለች ሂክማ።

"እንዴት ብዬ? ፈቃዱ ተፈርሟል። ግንቦት ካልወሰድኩት ይቃጠላል።"

"የእኔስ ፈቃድ አይቃጠልም?" አልኩት።

ሂክማ ተነሣች። አትጮህም፣ ዝግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ያ ይብሳል። "ጀማል፣ ባሕር ማዶ ልታሳየኝ ነው። እናትህን አሳይተኸኝ ታውቃለህ? 'ደክማለች፣ ሰው አትፈልግም' ነው ያልከኝ። ይቺ ልጅ ቅቤ ተሸክማ ነው የመጣችልኝ!"

"መንገዱ..." አለ።

ሁልጊዜ መንገዱ ነው። የአባታችን የአርባ ቀን ሰደቃም መንገዱ ነበር። የእሱ ሰርግም መንገዱ ነበር። አባታችን በዚያ መንገድ ነው ትምህርት ቤት በትከሻው ያመላለሰው። ይህን ሁሉ አላልኩትም። ያልኩት አጭር ነው።

"በስልክ አልዳርም። ቀኑ ይዛወራል።"

"ለመቼ?"

"ለሐምሌ።"

"ሐምሌማ ጭቃ ነው፣ ሰዓዳ። ከአቦቦ ወዲያ መኪና አይገባም።"

"አዎ" አልኩት።

እጄን ታጠብኩ። የዓሣ ሽታ በአንድ ውሃ አይለቅም፤ ደግሜ ታጠብኩ።

እሑድ

ማማ አሪየት ደረቅ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ትናንት የሆነውን ከሂክማ ሰምታለች። እጄን ይዛ "አንተ ትንሽ ነህ፣ አፍህ ግን ትልቅ ነው። ጥሩ" አለችኝ። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ደግማ እንድትለው ፈልጌ ነበር።

ሂክማ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዓይኗ አብጧል። ሚኒባሱ ሲሞላ ፌስታል ከፍታ አዲስ የጎማ ቦት አሳየችኝ።

"ለሐምሌ" አለች። "ልኬን ነው የገዛሁት። ለእሱ አልገዛሁም።"

"የትኛውን ልትሄዱ ነው?" ብዬ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

እናቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። "ፈቃዱን ሰጠ?"

"ወሰደ እማ።"

አልገባትም። ነገርኳት። ዓሣ ቤቱን፣ ሁለቱን አገር፣ ያልኩትን። ስለ ሰርጌ ራሴ እንደተናገርኩ ስትሰማ ጭኗን መታች። "ሙሽራ ራሷ ቀን ቆረጠች! ምን ይሉናል?" አለች። ከዚያ በትሯን አንሥታ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ቀኑን ልታዛውር የሸኩን ቤት መንገድ ያዘች። ኑሩ ማታ ሰምቶ በአጥር በኩል መጣ። "ሐምሌ? ሰው እንዴት ብሎ ይመጣል?" አለ። "መምጣት የፈለገ ይመጣል" አልኩት። "እኛም ዘርተን እንጨርሳለን" አለና ሄደ። ኑሩ ብዙ አያወራም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት።

ይህን ስጽፍ ዝናቡ ገብቷል። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ጠቁሮ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ ጫማ ከነካው አይለቅም። ትናንት ጀማል ደውሎ ነበር። እናቴን "የእውነት ሐምሌን አልቀየራችሁትም?" አላት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። "አልተቀየረም" አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ከአቦቦ ወዲያ ያለውን መንገድ ያውቀዋል፣ ልጅ ሆኖ ሄዶበታል። ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ ይምጣ።